ዝቅተኛ

መቶ ሰማንያ ድርሃም፤ በክርክር፣ በልመና፣
ከሮላ ጓሮ፣ ከጉልዛር ሱቅ ገዛሁትና፣
«ጌም ያጫውታል?» ብለው፣
ከብት እንደሚሸጥ ሰው
ጀርባውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።
«ይከፍተዋል» አለኝ፤
«መሮጡን ግን እንጃ፤ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።»

የማድርበት ዘብ ቤት፣ ከሕንፃው በር በስተግራ፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ደወል፣ ስድስት ካሜራ።
ነሐሴ ነው። በሻርጃ ጀምበር ጠልቃም መስታወቱ ያልበዋል፤
ላፕቶፑ ጭኔ ላይ፣ ወባ እንደያዘው ልጅ፣ ይተኩሳል።
ራሙ አራት ብቻ። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለው፤
ከዋናው እየተበደረ ነው የሚስለው።
(አልፈርድበትም። እኔም ባሕር የተሻገርኩት
ያጎቴን በሬ ዋጋ ተበድሬ ነው፤ ገና ነው፣ አልጨረስኩት።)

እዚህ ሦስት ሰዓት ሲል፣ ባቲ ሁለት ይላል፤
ታናሽ ወንድሜ አንሷር ከጌም ቤቱ ይደውላል።
ስለየው ቀጭን ነበር ድምፁ፤ አሁን የሌላ ሰው ነው፤
«ጋሼ፣ ግባ እንጂ!» ሲል ብቻ ነው የማውቀው።

ገባሁ። በሰኮንድ ዘጠኝ ምስል፣ ያውም ሲቀናው።
ዙር ያልኩት ሰውዬ ሲያስብበት ቆይቶ ነው የሚዞረው፤
መሞቴን የሰማሁት ከተቀበርኩ በኋላ ነው።
አንሷር ይንከተከታል፤ «ጋሼ፣ ቆመህ ነው የምትተኛው?»

ወደ ማስተካከያው ሄድኩ። ሦስት ቃል ተደርድሯል፤
ከፍተኛ። መካከለኛ። ዝቅተኛ።
የትኛው የኔ እንደሆነ ሳይነገረው ጣቴ ያውቃል።

ጥላ? ይጥፋ።
የውሃው ነጸብራቅ? ይጥፋ።
ጭሱ፣ አቧራው፣ ከሩቅ የሚታየው ተራራ፣ ይጥፋ።
ሣሩ ይነቀል፤ የዛፉ ቅጠል ይርገፍ፤
ሰዉም ፊት አያሻው፣ እግር ካለው ይለፍ።
አራት የፕላስቲክ ክዳን ከሥሩ ደገፍኩ፣ ነፋስ እንዲያገኝ፤
ከኋላ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋሁ፤
የሶላት ማስታወሻውን እንኳ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሃያ ሁለት። ሃያ ስምንት። ሠላሳ አራት!
ሮጠ! ጉልዛር፣ የት አለህ? ሮጠልህ ያ ከብት!

የአሥራ አራተኛ ፎቁ ሁመይድ፣ በርገሩን ሊቀበል ወርዶ፣
ከትከሻዬ በላይ አጮለቀ፣ በሳቅ ሊሞት ወዶ፤
«ይሄ ጌም ነው ወይስ የሕንፃው ፕላን?»
የሱ ማሽን ቀይና ሰማያዊ ያበራል፤
በውሃ ነው አሉ የሚቀዘቅዘው።
የሁለት ዓመት ሌሊቴ ነው ዋጋው።
«ና፣ እንግጠም» አለኝ።

ገጠምን።
ከኮረብታው ሥር፣ ሣር መሐል፣ በደረቱ ተኛ።
በሱ መስኮት ሣሩ ረጅም ነው፤ ነፋስ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሣዋል፤
እያንዳንዱ ሰበዝ ተከፍሎበታል።
በኔ በኩል ሣር የለም።
እንደ ተወጠረ ቆዳ የነጣ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ
ሆዱን ለጥ አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ተደብቋል።
አዘንኩለት።
ከዚያ ተኮስኩ።

በማግስቱ፣ ገና ከሊፍቱ ሳይወጣ፣ «እንዴት አየኸኝ? ሣር ውስጥ ነበርኩ!»
«የምን ሣር?» አልኩ።
በሩን ከፈትኩለት።

ማታ አንሷር ደወለ። ጌም ቤቱ አዲስ ማሽን አስገብቷል፤
ልጁ በደስታ ቃላት ይረግጣል፤
«ጋሼ፣ ያን ተራራ ጀምበር ስትጠልቅበት አየኸው?
የኛን ጋራ ቁርጥ! ቁርጥ!
ያንተማ የዓረብ አገሩ እሳት ነው መቼም። ያምራል አይደል?»

ወደዚያ ዞርኩ።
ግራጫ ነው ሰማዩ፤ ጫፍ የለው፤
አንድም ነገር አልቆመበት።

«ያምራል» አልኩት።
«ጀምበሯን ተዋትና፣ ከኋላህ ሰው መጥቷል።
ዙር!»